በቁማቸው የተዘጋባቸው በር

ጋሼ ሐሙስ እያልን የምንጠራቸው መምህራችን ከወፍጮ ቤት ሠራተኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቁጥር ያስቆጠሯቸው እናታቸው ናቸው፤ ጨርቅ በሚያሰምሩበት የሳሙና ቁርጥራጭ እየጻፉ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በሃያ ዓመታቸው በሰፈራቸው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኑ፤ ጡረታ እስኪወጡም ከዚያ ንቅንቅ አላሉም። ቁጡ ነበሩ፤ ሞቱ ተብሎ ይህ አይካድም። ያልገባው ተማሪ ካለ ግን ምሳቸውን ትተው ያስረዱት ነበር። በሃያ ስምንት ዓመታቸው ከነርስ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። እሳቸው ቀድመው ያገቡት ጥቁር ሰሌዳውን ነው እያሉ ባለቤታቸው ይቀልዱባቸው ነበር። ቀልዱ ውስጥ ቅሬታ እንደነበረበት ልጆቻቸው ያውቃሉ።

ሐሙስ የሚለው ስም እንዲሁ አልወጣላቸውም። የልብ ጓደኛቸው የነበሩት የጂኦግራፊ መምህር ጡረታ ወጥተው ዓመት ሳይሞላቸው ከሰው ተለይተው፣ በር ዘግተው አረፉ። ከዚያ ቀብር ሲመለሱ ጋሼ ሐሙስ እህል አልቀመሱም። በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ አሮጌ ካርታ የሚከማችበትን ክፍል ጠርገው ጡረታቸው የቀረበ መምህራንን ከነባለቤቶቻቸው ሰበሰቡ። ዕድር ያቋቋሙ መስሏቸው የሳቁባቸው ነበሩ። እሳቸው ግን ጎረቤትን በስሙ መጥራትን፣ ቤት ውስጥ ሳይቆጡ መቀመጥን፣ የሆድን አውጥቶ መናገርን ያለማምዷቸው ጀመር። የስፖርት መምህሩ ሚስታቸው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት በዚያ ክፍል ነው። ዛሬ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ስለሆኑ፣ ይህን ብንናገር አይቀየሙንም።

የራሳቸው የጡረታ ተራ ሲደርስ አዲሱ ርእሰ መምህር ክፍሉን ለፎቶ ኮፒ ማሽን ፈለጉት። ቁልፉንም የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳያልቅ፣ ተማሪ ፊት አስመለሷቸው። ጡረታ ወጥተው በመጀመሪያው ሐሙስ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሄዱ፣ እንግዳ ያለ ቀጠሮ አይገባም ተባሉ። የከለከላቸው ጥበቃ የገዛ ተማሪያቸው ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። ቀጠሮ ጠየቁ፣ ደጋግመው ጠየቁ፤ መልስ የሰጣቸው የለም። ባለቤታቸው ሳሎናችን ሰፊ ነው፣ ሰዎቹን እዚህ ሰብስቧቸው ቢሏቸውም አሻፈረኝ አሉ። ትምህርት ቤቱ ያገለገለውን ሰው በወግ መሸኘት ይልመድ ባይ ነበሩ። ግትርነታቸው ጎዳቸው፤ ሐሙስ ሐሙስ እንሰበሰብ የነበርነውን እኛንም ጎዳን።

ለሰው ያስተማሩትን ለራሳቸው ነፈጉት። ልንጠይቃቸው ቤታቸው ስንሄድ፣ ማዕድ ላይ ጸጥታ ለማስከበር ያጨበጭባሉ። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲሰማ ጉርሻቸውን አስቀምጠው ኮታቸውን ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ትዝ ሲላቸው ተመልሰው ይቀመጣሉ። በዚህ መጀመሪያ እንስቅ ነበር፤ በኋላ ሳቁ ጠፋ።

ልባቸውን መታመም ከጀመሩ ቆይተው ነበር። በሐኪም ሲረዱ ከርመው፣ በስድሳ አራት ዓመታቸው፣ ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። በዚያው ዕለት ከትምህርት ቤቱ መልእክት መጣ፦ ንግግርና የአበባ ጉንጉን ተዘጋጅቷል፣ አስከሬናቸው በግቢው አልፎ ይሸኝ የሚል። ባለቤታቸው እንባቸውን ጠርገው የመለሱት አንድ ቃል ነው፦ «በቁማቸው ያልገቡበትን በር ሬሳቸው አያልፍበትም።» ዛሬ በዚያ መንገድ ለምን አልመጣችሁም ብላችሁ ለጠየቃችሁን ሁሉ መልሱ ይኸው ነው።

ጋሼ ሐሙስ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ እሺ ያላሏቸውን ነገር ባለቤታቸው አሁን ራሳቸው ወስነዋል። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ጡረታው የቀረበበት መምህር ሁሉ በሳሎናቸው ይሰበሰባል። የአበባ ጉንጉኑን ይዘው እዚህ የተገኙት ርእሰ መምህርም ጊዜያቸው ሲደርስ ይምጡ፤ ቀጠሮ አያስፈልግም።

ደጅ የማያስጠና አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበልልን።