በቀትር ሩጫ ስለተነጠቅናቸው ስርጉት ባየልኝ እና ሽማግሌ ለላከብን ኮሚቴ

የሽንፋ ቆላ ሯጮች ማኅበር የጡንቻ ልኬት ባለሙያ የነበሩት ወ/ሮ ስርጉት ባየልኝ መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በሩጫ ውድድር መካከል በሙቀት ተመትተው ወድቀው አርፈዋል። የማኅበራችን ሀዘን ከባድ ነው። ቁጣችን ግን ይብሳል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈለግንም።

ወ/ሮ ስርጉት በሳንጃ ተወልደው፣ የስፖርት ሳይንስ ትምህርታቸውን በጎንደር አጠናቀው በ2011 ዓ.ም. ማኅበራችንን ተቀላቀሉ።

በ2013 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ የጡንቻ መለኪያ ወደ ሽንፋ አመጡ። በሯጩ ጭንና ባት ላይ የሚለጠፉት ትናንሽ ኤሌክትሮዶች ጡንቻው ሲሠራ የሚያወጣውን ምልክት እየለቀሙ እጃቸው ላይ ወዳለው ታብሌት ይልካሉ። ሌላው ዘንድ በቀዝቃዛ ክፍል የሚሠራውን ሥራ እሳቸው በሰሊጥ ማሳ መካከል፣ በጠጠር መንገድ ላይ ሠሩት።

በ2014 ዓ.ም. ላብ ኤሌክትሮዶቹን እያላቀቀ ሲያስቸግር፣ ሱዳኖች በራሳቸው ላይ የሚጠመጥሙትን ስስ ጨርቅ በመተማ ዮሐንስ ገበያ ከነጋዴዋ ረፊቃ እየገዙ በላዩ ያስሩበት ጀመር። ሯጮቻችን «እግረ ጥምጥም» ተብለው ተቀለደባቸው። ይሁን እንጂ ልኬቱ ሳይቋረጥ ድካሙን ቀድሞ ስለሚያሳይ፣ የጡንቻ መሸማቀቅ ልምምድ ማስቋረጡን ተወ።

ስለ አሟሟታቸው ሕዝቡ እንዲያውቅ እንፈልጋለን። የምርት መዝጊያ ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ውድድሩን ጎህ ሲቀድ አስጀምራለሁ ብሎ፣ የክብር እንግዶች ዘገዩ በሚል ሯጮቹን እስከ ቀትር አቆማቸው። ያ ሰዓት ሰሊጥ አጫጅ እንኳ ማጭዱን ጥሎ ዳስ የሚገባበት ነው፤ ከደጋ የመጣ የቀን ሠራተኛም ይህን ለመማር ብዙ አይፈጅበትም። የኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ደሞዝ አለነ ግን ከድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠው «ቆላ ተወልዶ ፀሐይ ይፈራል እንዴ?» አሉ። ወ/ሮ ስርጉት ሩጫው እንዲሰረዝ ለመኑ፤ አልተሰሙም። የኤሌክትሮዶቹ ምልክት ከሩቅ ወደ ታብሌቱ ስለማይደርስ ሯጮቹን በሞተር ልከተል ቢሉም ፎቶ ያበላሻል ተብለው ተከለከሉ። ስለዚህ ታብሌቱን ይዘው በእግራቸው አብረው ሮጡ። የሯጮቻችን የያብስራና የባንቺአየሁ ምልክት ሲዛባ «ቁሙ ብያለሁ! ጀግንነቱ ይቅርባችሁ!» ብለው ከመንገዱ አስወጧቸው። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት አሉ። የእሳቸውን ጡንቻ የሚለካ ግን አልነበረም።

ወንድማቸው አንዱአምላክ ደም ሊመልስ ጠመንጃውን ወልውሎ ነበር። እንዲያስቀምጠው የለመንነው እኛ ነን። ይቅር ስላልን አይደለም፤ ጥይት ቶሎ ስለሚገላግል ነው። ኮሚቴው የላከው የአበባ ጉንጉን ተመልሶለታል፤ በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ከእንግዲህ የማኅበራችን ሯጭ አይሰለፍም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ለእናታቸው ለወ/ሮ ታይቱ፣ ለወንድማቸውና እንደ ልጅ ላሳደጓቸው ሯጮች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከጥላው ሥር ያሳርፍ።

ደም አድርቅ ሽማግሌ ልካችሁ እርቅ ለጠየቃችሁን ለአቶ ደሞዝና ለባልደረቦቻችሁ መልሳችን ይህ ነው። ለእርቅ የምንቀመጠው ያንኑ መንገድ፣ በዚያው ሰዓት፣ የወ/ሮ ስርጉትን ኤሌክትሮዶች ጭናችሁ ላይ ለጥፋችሁ ከሮጣችሁ በኋላ ነው። ቀኑን እናንተ ምረጡ። ጨርቁን እኛ እናስርላችኋለን፤ ታብሌቱንም እኛ እንይዛለን። ምልክታችሁ ሲዛባ እናያለን፤ ቁሙ የሚላችሁ ግን አይኖርም።

የሽንፋ ቆላ ሯጮች ማኅበር
ሽንፋ