ዓርብ ስለምትጸዳው ታብሌት

ለተከበሩ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብና ፍርሃትን ስለማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ ዕረፍትዎም መሳቢያዎ ውስጥ እንደተኙት ማመልከቻዎቻችን ሰላማዊ ይሁንልኝ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ሞባይል የምጠግን ሴት ነኝ። ከሰዓት በኋላ ለሰባት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የማውቀውን አሳያለሁ፤ እነሱም የአያቶቻቸውን ቋንቋ በአንዲት ታብሌት በድምፅ እየቀዱ መዝገበ ቃላት ይሠራሉ፣ በዚያውም የአንደኛ ክፍል ታናናሾቻቸውን ያስጠናሉ። አዛውንቱ ቃሉን በቋንቋችን ይሉታል፣ ቀጥለው ትርጉሙን በገበያው ቋንቋ ያስረዳሉ። ሦስት መቶ አርባ ቃል ደርሰው ነበር። ይህን የማስታውስዎ ጉዳዩን ስለማያውቁት ሳይሆን፣ ታብሌቷን ከወሰዷት ሦስት ሳምንት ስለሞላና ሥራ ስለሚበዛብዎ ነው።

ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። የመማሪያ መጽሐፍ ለመላክ ሁለት ዓመት የፈጀበት ጽሕፈት ቤት፣ «ያልተመዘገበ የድምፅ ክምችት ለምርመራ ገቢ ይደረግ፤ ማንም ቅጂ እንዳያስቀር» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ታብሌቷን ለመረከብ የፈጀበት አንድ ቀን ተኩል ነው። መፍጠን እንደሚችሉ ስላሳዩን ደስ ብሎናል።

2ኛ. ስለ ታዛዥነታችን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አንድ ቅጂ ሸሸግ ያደርግ ነበር። የእኛ ልጆች ግን ጽሕፈት ቤቱ ሥራቸውን ሊያይላቸው መሆኑን ሲሰሙ የሚይዙትን የሚጨብጡትን አጡ። የቡድኑ መሪ፣ ሁሉን ነገር ስለምትጽፍ «መዝገቤ» የምንላት ልጅ፣ የሰባቱንም ስልክ አንድ በአንድ እያየች ቅጂውን አስጠፋች፣ ስለ መጥፋቱም አስፈረመች። ከዚያ ታብሌቷን ወልውላ፣ በፎጣ ጠቅልላ አስረከበች። እንዲህ አድርጉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለደንበኛ ሁሉ «ቅጂ ያዙ» እያልኩ ስመክር ኖሬ፣ ማኅተም ሳይ አእምሮዬን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ተነሣሁ።

3ኛ. ስለ ንጽሕናዎ አመሰግናለሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ደግ ሰው ነው፣ እንደነገረኝ ገቢ የሆነ መሣሪያ ሁሉ በወሩ የመጨረሻ ዓርብ ይጸዳል፤ ማለትም በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋና መሣሪያው ለሌላ ክፍል ይታደላል። ምርመራውስ ብዬ ብጠይቀው፣ «እህቴ፣ መርማሪ አልተመደበም፤ የማጽጃ ቀን ግን አለው» አለኝ።  ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ከዚያ እንደወጣሁ ነው።

4ኛ. በወላጆች ስብሰባ ላይ ስለተናገሩት። እርስዎ ራስዎ ቋንቋውን እንደማይሰሙ ከገለጹ በኋላ፣ «ይህን ቋንቋ ባለማወቁ የተቸገረ አንድ ሰው አሳዩኝ» ብለው ነበር። አዳራሹም ሳቀ፤ ከፊት የተቀመጡት በተለይ ደህና አድርገው ሳቁ።

እነሆ ላሳይዎት። እኔ ነኝ።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ታብሌቷ በተወሰደች በአምስተኛው ቀን ስትሮክ መታት። ነፍሷ ተረፈች፤ የገበያው ቋንቋ ግን ከአፏ ጠፋ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል ይላል፤ ኋላ የለመዱት ይሄድና የልጅነቱ ይቀራል። የእናቴ ልጅነት ደግሞ እኔ ትምህርት ቤት ስገባ አፍሬ የተውኩት ቋንቋ ነው። ነይ፣ ብዪ፣ ዝም በዪ ስትል እሰማታለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ባዕድ ነኝ።

አንድ ቃል አላት። የእጄን አንጓ ጨብጣ፣ ዓይኔን እያየች፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ ትለዋለች። ውሃ አመጣሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩ፤ አይደለም። ሐኪሙ «ደረቴን አመመኝ እያለች ከሆነ መድኃኒቱን ዛሬውኑ መቀየር አለብኝ፤ እስቲ እርግጡን ንገሪኝ» ይለኛል። ምን ልንገረው? አንድ አዛውንት አስጠርቼ ነበር፤ ከእናቴ መንደር ስላልሆኑ ቃሉን አላወቁትም። መዝገቤ ልትጠይቃት መጥታ ስትሰማው ግን ክው አለች። «ይህንንማ ቀድተነዋል፤ ትርጉሙን ግን ከሦስት መቶ አርባው መሃል አላስታውሰውም» አለች። ቋንቋችን ገና ስለማይጻፍ ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር፣ ተናጋሪና አስተያየት ብቻ ነው። እንዲህ ይላል፦ «ሰማንያ ስድስት። ልብስ ሰፊዋ። ስታስረዳ ሳቀች።»

ትርጉሙን በጤናማ ድምፅዋ፣ እየሳቀች፣ ራሷ እናቴ ነግራቸዋለች። ያለው ከአጥርዎ ውስጥ፣ ከእኔ ሰማንያ እርምጃ ርቀት ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ማሾፉን እዚህ ላይ ልተወው፤ ፈርቻለሁ። እናቴ ያንን ቃል ባለች ቁጥር ሥራዬን ጥዬ እሮጣለሁ። አመመኝ እያለች እኔ ብርድ ልብስ እደርብላት ይሆን ብዬ እፈራለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔም ከዓርብ በኋላ ያንን ቃል እስክትሞት ድረስ ስሰማው ልኖር ነው ብዬ እፈራለሁ። ይህን በመጻፌ ልጆቹን እንዳይቀጡብኝም እፈራለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ታብሌቷን መመለስ ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነ፣ የእናቴ መንደር ተወላጅ ነዎት ይባላልና ራስዎ መጥተው አንድ ጊዜ ብቻ ያድምጧት። ቋንቋውን እንደማይሰሙ አውቃለሁ። ቢሆንም ይምጡ።

ከወንበርዎ ከፍታ አንጻር እጅግ ዝቅ ብላ፣ ነገር ግን በርዎ ላይ ቆማ የምትጠብቅ፣ ታዛዥነቷ ያሳፈራት፣
ከአጥር ማዶ ያለችው ሞባይል ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለንብረት ክፍል፣ እጅዎን ጥቂት እንዲያዘገዩ
ለመዝገቤ፣ ይህኛውን ቅጂ እንዳታጠፊው

ከፊርማ በኋላ፦ ልመና እንዳይመስልብኝ ብዬ ልተወው ነበር። ተማሪዎቹ ሥራውን የጀመሩት አምና ካረፉት ከወላጅ እናትዎ ነው፤ ከቁጥር አንድ እስከ ሃያ ሁለት ያለው የእርሳቸው ድምፅ ነው። በሃያ ሁለተኛው አንጻር መዝገቤ እናትዎ ያሉትን እንዳለ ጽፋዋለች፦ «ልጄ ትንሽ ሳለ ፈሪ ነበር። በር ሲንኳኳ ቀሚሴ ሥር ይገባ ነበር። ይህን ቃል ስለው ዝም ይላል።» ቃሉ ራሱ ደብተሩ ላይ የለም። ያለው ታብሌቷ ውስጥ ነው፤ እርሷም ዓርብ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ትጸዳለች።