ለጓድ ሊቀመንበር ግራ ዓይን የቀረበ አቤቱታ

ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ አድማሴ ቢሻው፣ የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ራስዎ፣ ወገብዎ፣ ጉልበትዎና ቀኝ ዓይንዎ ደኅና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። የግራ ዓይንዎን ጤንነት ለይቼ ያልጠየቅሁት ረስቼው ሳይሆን፣ ይህ ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለ እርሱ ስለሆነ ነው።

እኔ ወይዘሪት እንኳየሁ ክንዴ የባዮሎጂ አስተማሪ ስሆን፣ ከአፍንጫዬ አንድ ስንዝር ያለፈውን ሁሉ በግምት እንጂ በዓይን አላየውም። በቼኮዝሎቫኪያ ስማር ሐኪሞች ለዚህ ችግሬ ከዓይን ብሌን ላይ የሚለጠፍ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሌንስ ሰጡኝ። ጥር 27 ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ እርስዎ ራስዎ ተገኝተው ቤቴን ሲያስፈትሹ ሁለቱ ሌንሶች በሁለት ብልቃጥ መድኃኒታቸው ውስጥ ተዘፍዝፈው ነበር። መነጽሮቼ ናቸው ብዬ ባስረዳም፣ ብልቃጦቹን ወደ መስኮቱ አንስተው አገላብጠው ካዩ በኋላ «መነጽር ቢሆን ኖሮ ይታይ ነበር» የሚል ውሳኔ ሰጡ፤ ጸሐፊዎም «ሁለት ብልቃጥ አጠራጣሪ ውሃ» ብሎ መዝግቦ ወሰዳቸው።

ንብረቴ እንዲመለስልኝ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ በቀበሌው መጋዘን እንደሌለ በትሕትና ተነግሮኛል። ስለ እውነተኛው መልስዎ አመሰግናለሁ፤ በእርግጥም መጋዘን ውስጥ የለም። ዓይንዎ ውስጥ ነው።

ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልግለጽ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ማን ማን እንደቀረ ለማየት በየረድፉ ሲያልፉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ፊት ለመለየት አንድ ስንዝር ያህል እየተጠጉ ነበር። እኔም የማየው አንድ ስንዝር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያች ስንዝር ላይ ተገናኘን። የአንደኛውን ሌንሴን ጠርዝ ከግራ ዓይንዎ ነጭ ላይ አየሁት፤ ለሁለት ዓመት ጧትና ማታ ያጠብሁት ዕቃ ስለሆነ አልሳሳተውም። እርስዎ ግን «ይቺ ማን ናት?» ብለው አለፉ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ሌንሱ የተሠራው ለእኔ ደካማ ዓይን ነው። ደኅና ዓይን ላይ ሲደረግ የሩቁንም የቅርቡንም ያጠፋል። እርስዎ ግን የውጭ ነገር ስለሆነ አርቆ ያሳያል ብለው በማመን፣ ከቢሮው በረንዳ ላይ ቆመው ከሩቋ ማክሰኝት የሚነሣውን አውቶቡስ እንደሚያዩ ለጥበቃዎቹ መናገርዎን ሰምቻለሁ። በዚያው ዕለት የመብራት ምሰሶውን ግራ እጅዎን አንስተው «ጓድ፣ ምነው ዘገየህ?» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ምሰሶው ቢችል ኖሮ፣ ስለ ተደረገለት ክብር እንዳመሰግንዎ ይጠይቀኝ ነበር።

2ኛ. ሌንስ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ እንጂ በምራቅ አይታጠብም። ማኅተም ሲደርቅብዎ ምላስዎን አውጥተው እንደሚያርሱት ሁሉ፣ ሌንሱንም አውጥተው ልሰው መልሰው ሲያደርጉት በረንዳው ላይ ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ አሥራ አራት ሰዎች አይተዋል። አሥራ አራቱም ምንም እንዳላዩ ነግረውኛል።

3ኛ. ሌንስ ተደርጎ አይተኛም። ማታ ወጥቶ መድኃኒቱ ውስጥ ያድራል፤ መድኃኒቱም በየቀኑ ይቀየራል። እርስዎ ካደረጉት ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል፤ በነዚህ ቀናትም የእርከን ሥራ ዘመቻውን አቧራ ከፊት ሆነው መርተዋል። ባለቤትዎ ወይዘሮ ስንዱም፣ ጉዳዩ ስላልተነገራቸው፣ የዓይን ሕመም ነው ብለው የአራስ ጡት ወተት እያለቡ ያንጠባጥቡልዎታል አሉ። ወይዘሮ ስንዱን አልወቅስም፤ አንዲት ባል ያላት ሴት ባሏ ዓይን ውስጥ የሌላ ሰው መነጽር አለ ብላ እንዴት ትጠርጥር?

4ኛ. በዚያው የእሑድ ስብሰባ ላይ ዕንባዎ ያለማቋረጥ ሲወርድ፣ ካድሬው ተነሥቶ እንዲህ ያለ ርኅራኄ ያለው አመራር አላየሁም በማለቱ አጨብጭበናል። በቃለ ጉባኤውም «ሊቀመንበሩ ስለ ሰፊው ሕዝብ ችግር በግራ ዓይናቸው አለቀሱ» ተብሎ ተጽፏል። ከአይከል የመጡት አሮጊቷ እማማ ካሰች ብቻ «ምነው አያ አድማሴ፣ ዓይንህ በርበሬ መሰለ፤ ሸጋ አይደለም» ብለው ነበር፤ እርሳቸውም ሥርዓት እንዲይዙ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ ብርሃን አላስችል ስላለዎ የቢሮውን መስኮት በመፈክር ጨርቅ አስጋርደዋል፤ ለነዋሪው የተሰጠው ምክንያት ኢምፔሪያሊዝም በመስኮት እንዳያይ የሚል ነው።

5ኛ. ማንበብ አቅቶዎት ሳለ ሰው እንዲያነብልዎ አይፈቅዱም። ማክሰኞ ዕለት አንድ የአዲ አርቃይ ነጋዴ ከመታወቂያው ጋር ደርቦ በስሕተት የሰጠዎትን የበቅሎ ሽያጭ ውል ሦስት ጊዜ ገልጠው ሲያበቁ፣ «ይለጠፍ» ብለው ማኅተም ስላደረጉበት፣ ውሉ እስከ ዛሬ ከማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ይገኛል። በቅሎዋ ግራ ጆሮዋ የተቀደደ መሆኑን መላው ቀበሌ አውቋል።

ጓድ ሊቀመንበር፣ እስካሁን ያለው ለእርስዎም ለእኔም የሚያስቅ ነው። የሚቀጥለው አያስቅም።

አብራኝ የተማረች ሸዋገነት የምትባል የአገሬ ልጅ ነበረች። ለፈተና ስታጠና ሌንሷን ሳታወጣ አራት ቀን አደረች። መጀመሪያ ዓይኗ ቀላ፣ ቀጥሎ ብርሃን ጠላች፣ ከዚያ ከጥቁሩ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። ነገ እሄዳለሁ እያለች ሁለት ቀን ቆየች። ዛሬ ያ ዓይኗ ቀንና ሌሊት አይለይም። እኔ ያን ጊዜ አጠገቧ ተኝቼ «ይሻልሻል» እላት ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር አላልሁም። ነጥቧን በእርስዎም ዓይን ላይ አይቻታለሁ። እሑድ ዕለት በዚያች ስንዝር ላይ ያየሁት ጠርዙን ብቻ አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ያልሄዱት፣ ዓይንዎ ውስጥ ያለው ምንድን ነው፣ ከየት መጣ ተብሎ እንዳይጠየቅ መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ እኔ እንኳየሁ ክንዴ፣ ሌንስ ኖሮኝ እንደማያውቅ፣ ቤቴም እንዳልተፈተሸ፣ ጓድ አድማሴም ከእነ ሌንሳቸው እንደተወለዱ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ንብረቴንም፣ የት እንደደረሰ ከማላውቀው ከሁለተኛው ሌንስ ጭምር፣ አልፈልገውም፤ ከእንግዲህ ለማንም ዓይን አይሆንም። የምለምንዎ እጅዎን በሳሙና ታጥበው እንዲያወጡት፣ እንቢ ካለዎት ሳይጎትቱ ለሐኪም እንዲተዉት፣ ሌንሱንም ሳይጥሉ ከነብልቃጡ ይዘው ነገ ሳይሆን ዛሬ ሆስፒታል እንዲሄዱ ነው። በጣም ተናድጄብዎታለሁ፤ ቢሆንም ዓይንዎ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ለሰጡኝ ጊዜ፣ ለመጋዘኑ ቅልጥፍና፣ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ የተማሪዎቼን ፈተና በአፍንጫዬ እንዳርም ስላደረጉኝ ጥልቅ ምስጋናዬን እያቀረብሁ፣ ለእናት አገር ሁለቱም ዓይኖችዎ እንደሚያስፈልጓት በማመን የምሰናበት፣

አክባሪዎ
እንኳየሁ ክንዴ

ግልባጭ
ለሆስፒታሉ የዓይን ክፍል
ለወይዘሮ ስንዱ
ለቀኝ ዓይንዎ፣ እስካሁን ስለታገሠ

ማሳሰቢያ፦ ያለ ቀበሌው ማኅተም ምንም ወረቀት ከሰሌዳው ላይ እንደማይለጠፍ ስለማውቅ፣ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራሴ ይዤልዎ እቀርባለሁ። ማንበብ ከቻሉ ይቀድዱታል፣ እኔንም ያስሩኛል፤ ዓይንዎ ደኅና ነው ማለት ስለሆነ ደስ ብሎኝ እስር ቤት እገባለሁ። እናንተ ጎረቤቶቼ ግን ይህን ከበቅሎዋ ውል አጠገብ ተለጥፎ፣ ከሥሩም «ይለጠፍ» የሚል ፊርማና ማኅተም ተደርጎበት ካገኛችሁት፣ ጓድ ሊቀመንበር አላዩትም ማለት ነው። እባካችሁ ገብታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ከዚያም በሁለት ወገን እጃቸውን ይዛችሁ ሆስፒታል አድርሷቸው። እኔን የሚፈልግ ካለ ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ የቢሮው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ መጀመሪያ ግን እርሳቸውን።