ቦዲው ይቅደም ወይስ ሌንሱ

ለቀድሞው ባለቤቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ሆነ? አሁንም ያንን ከባድ ቦርሳ በአንድ ትከሻ አንጠልጥለህ እንደምትዞር ሳልሰማ አውቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደክሞኛል ብቻ፤ ድካምን ደግሞ ማንም በሽታ ብሎ አያስታምመውም።

የምጽፍልህ የካሜራውን ነገር ላማክርህ ነው። ስንለያይ ሌንሶቹን አንተ፣ ቦዲውን፣ ዋናውን የካሜራ አካል፣ እኔ ይዘን ወጣን፤ ያኔ እኩል የተካፈልን መስሎን ነበር። ይኸው ሁለት ዓመት ከቦዲው ጋር አብራ በመጣችው ትንሽ ሌንስ ሰርግ ሳነሳ ስዳክር ኖርኩ። አዳራሹ ጨለም ካለ ሙሽራዋ ጥላ ትመስላለች። ባለፈው ወር ደግሞ ቦዲው ራሱ ከዳኝ። የሙሽራዋ አባት ልጁን አቅፎ ሲያለቅስ ቁልፉን ብጫነው ሻተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው የውስጥ መጋረጃ፣ ደርቆ ቀረ። እስኪለቅ ድረስ ሰውየው እንባውን ጠርጎ ተቀምጧል። እንደገና ያልቅሱልኝ አይባል ነገር።

ጠጋኙ ዘንድ ወሰድኩት። ከፍቶ አየውና ሻተሩ አልቋል፣ ለጊዜው ነካክቼልሻለሁ፣ ብትሰሚኝ ግን ሌንሱን አስቀድሚ፤ ቦዲ ያረጃል፣ ጥሩ ሌንስ ዕድሜ ልክ ነው አለኝ። ቀጥሎ ባለቤትሽ ደህና ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የካሜራው ባለቤት እኔው ነኝ አልኩት። እሱ ሳቀ።

ታናሽ እህቴ በበኩሏ በሞተ ካሜራ ላይ ሌንስ መግጠም ለሬሳ መነጽር እንደመግዛት ነው አለች። አፏን ታውቀዋለህ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። የኔ ጣጣ ሌላ ነው። ሌንስ ከገዛሁ የምገዛው ለዚህ ለአሮጌው የሚሆነውን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቦዲም ብቀይር ከዚሁ ኩባንያ አልወጣም። ካንተ ሌንሶች ጋር እንደተግባባን እንኖራለን ማለት ነው። ቦዲውን ካስቀደምኩ ግን ዓይኔ ያረፈው የሌላ ኩባንያ ላይ ነው፤ ያንተ አንዱም አይገጥመውም። ድስት ግጣሙን አያጣም ይላሉ። ግጣሙን ሌላ ቤት ትቶ ስለመጣ ድስት ግን ያሉት ነገር የለም።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ ነው ረጅሙን ሌንስህን በእህቴ የላክኸው። እስክትገዛ ትሥራበት ብለሃል አሉ። ምን አስበህ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አውጥቼ ገጠምኩት። ጨለማ ውስጥ መግጠሚያውን በዳበሳ እንዳልፈልግ ብዬ በጥፍር ቀለሜ የቀባኋት ቀይ ነጥብ አሁንም አለች። ያገኘኸውን ሁሉ ፈትገህ የምታጸዳ ሰው እሷን አልነካሃትም። ተናደድኩብህ። ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፤ ምን እዋሽሃለሁ።

በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ። አዲሱን ቦዲ በእጄ ይዤ ሻጩን የድሮ ሌንስ ይቀበላል ወይ አልኩት። ቀለበት አለችልሽ፣ መሃል ገብታ ሁለቱን ታገናኛቸዋለች አለኝ። ቀለበት እንኳ ሞክረን ነበር አልኩት። አልገባውም። እውነት ትሠራለች ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ ትሠራለች፣ ትንሽ ዘገም ትላለች እንጂ አለኝ።

እንግዲህ ቆርጫለሁ፤ ቦዲው ይቀድማል። በአሮጌው ከእንግዲህ አልለፋም። ቀለበቷን ግን አልገዛኋትም፤ ሻጩ እስከ ሰኞ አቆይልሻለሁ ብሏል። ሌንስህንም ልመልስልህ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እህቴ ሦስት ጊዜ መጥታ ሦስቴም መስጠቱን ረሳሁት። ስለዚህ ራስህ መጥተህ ውሰደው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።

እስከዚያው ወገብህን እግዜር ይማርልህ። እጅህ አይንቀጥቀጥ፣ በሄድክበት ብርሃን አይጉደልብህ።

የካሜራው ባለቤት