ግማሽ የማይሞላ ሽቶ ሙሉ ነው ተብሎ ስለመመዝገቡ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው የተሳፋሪዎች ፍተሻ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ እንደ መመሪያዎ የጠበቀ፣ እንቅልፍዎ እንደ መልስዎ የረዘመ፣ ወንበርዎም እንደ ወትሮው የተመቸ ሆኖ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ቤተሰብዎም በሰላም ውሎ በሰላም እንደሚያድር ተስፋ አለኝ። የእኔን ቤተሰብ ደህንነት ስላልጠየቁኝ ቅር አልሰኝም፤ መሥሪያ ቤትዎ ምን እንዳደረገው ራሴ ከዚህ በታች እገልጽልዎታለሁ።

ሦስት ደብዳቤ ጽፌልዎት ለአንዱ በአንዲት መሥመር መልሰው ሌሎቹን ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ በሚያነብበት ጋዜጣ ላይ ለማውጣት ተገድጃለሁ። ድፍረቴን ይቅር እንደሚሉ አልጠራጠርም፤ የእርስዎን ድፍረት እኔ ስችለው ከርሜአለሁና።

በመጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርዎ። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ሽሮፕ ስለካ፣ ጠብታ ስቆጥር፣ ለእናቶች «ከዚህች መሥመር እንዳያልፍ» እያልኩ በጣቴ ሳሳይ ኖሬአለሁ። ሚሊ ሊትር የሚባለውን ነገር፣ በትሕትና ለመናገር፣ ከክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት ትንሽ ሻል አድርጌ ሳላውቀው አልቀርም።

ቀጥሎ ጠርሙሱን ላስተዋውቅዎ። እናታችን ሆስፒታል ውስጥ ወለል ስትወለውል ሃያ ስምንት ዓመት አገልግላ ጡረታ የወጣች ቀን፣ ነርሶቹ ተሰብስበው አንድ ሽቶ ሰጧት። ባለ መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር ነው፤ ክዳኑ መስታወት፣ እሷ በሕይወቷ ነክታው የማታውቀው ዓይነት። አንዲት ጠብታ አልተቀባችውም። ቤት እንደገባች በቀይ የጥፍር ቀለም ጠርሙሱ ላይ ሦስት መሥመር አሰመረችና ለአራት እኩል ከፈለችው፤ አራት ሴቶች ልጆች ነንና። እያንዳንዳችን በሠርጋችን ቀን ጠርሙሱን በገዛ እጃችን ከፍተን ድርሻችንን በትንሽ ብልቃጥ እየቀዳን ወደ አዲሱ ቤታችን እንድንወስድ ደነገገች። ሕጓ አንድ ብቻ ነበር፦ ከሙሽራዋ በቀር ማንም አይከፍተውም። እንደ እርስዎ ሕግ በአራት ሰሌዳ አልተጻፈም፤ ነገር ግን ሁላችንም ገብቶን ነበር።

ትልቋ እትዬ በልኩ ቀዳች። ሁለተኛዋ «እጄ ተንቀጠቀጠ» ብላ ከመሥመሯ አሳለፈችና በዚህ ምክንያት ከእትዬ ጋር ሦስት ዓመት ተኳረፉ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ፤ አላገባሁም። አራተኛዋ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢሞላትም እስከ ዛሬ ትንሿ ነው የምንላት። እናታችን የትንሿን ሠርግ ሳታይ አረፈች። ጠርሙሱ በእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየውም፣ ያላገባች ሴት የትም አትሄድም ተብሎ ነው።

ትንሿ የምትኖረው በአውሮፕላን የአራት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። የሠርጓ ቀን ሲደርስ በጠርሙሱ ውስጥ የቀረው፣ የሁለተኛዋ እጅ መንቀጥቀጥ ተቀንሶ፣ ሃምሳ ሁለት ሚሊ ሊትር ነበር። ሳልከፍት እንዴት እንዳወቅሁ የሚጠይቅ ካለ መድኃኒት ቤት ብቅ ይበል፤ የፈለገውን ጠርሙስ አቁሞ ይፈትነኝ።

ክቡርነትዎ ለተራ ቁጥር ያለዎትን ፍቅር ስለማውቅ፣ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ሻንጣ በሚመዘንበት ባንኮኒ ላይ «ተሰባሪና ውድ ንብረትዎን በእጅዎ ይያዙ» የሚል ሰሌዳ ሰቅላችኋል። እኔም ሰሌዳ አክባሪ ነኝና ጠርሙሱን በፎጣ ጠቅልዬ በእጄ ያዝኩ። አርባ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ደግሞ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ መያዝ ክልክል መሆኑን የሚናገር ሌላ ሰሌዳ ተቀበለኝ። ሁለቱን ሰሌዳዎች የጻፉት ሰዎች አንድ ቀን ሻይ እንዲጠጡ ቢያገናኟቸው መልካም ነው። እኔ ግን አልደነገጥኩም። ሃምሳ ሁለት ከመቶ ያንሳል ብዬ አሰብኩ። ይህ የእኔ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ፤ ሂሳብ ይሠራል ብዬ ገባሁ።

፪ኛ. ሂሳብ አይሠራም። የሚቆጠረው በውስጡ ያለው ሳይሆን የሚይዘው ነው ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ እኔ ነገ ጠዋት አንድ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ሲመጣልኝ፣ ጠርሙሱ ላይ መቶ ሃያ ስለተጻፈ ብቻ መቶ ሃያውን አጠጡት ብል፣ ማምሻውን እስር ቤት ነኝ። በዚያ የእርስዎን መመሪያ ጠቅሼ ብከራከር ዳኛው ምን ይለኝ እንደነበር ለማወቅ ብቻ በጣም እጓጓለሁ። ደንቡን ደንብ አድርጎ የሠራው ሌላ እንደሆነና እርስዎ አስፈጻሚ ብቻ እንደሆኑ ሦስት ሰዎች ነግረውኛል። እሺ፣ ይሁን። መያዣውን ከልክሉ። ደሜን ያፈላው ክልከላው አይደለም፤ ተከታዩ ነው።

፫ኛ. መፍትሔ አልነፈጋችሁኝም፤ ለዚህ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወደ ሻንጣዬ እንድመልሰው ተመከርኩ፤ ሻንጣው በማመላለሻው ከሄደ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል። ለሸኘኝ ሰው እንድሰጥ ተመከርኩ፤ የሸኘኝ ታክሲ ነው። ወደ ትንሽ ዕቃ እንድገለብጠው ተመከርኩ፤ የእናቴን ሕግ ነገርኳቸው፤ ከኋላዬ የተሰለፈው ሕዝብ አጉረመረመ። በመጨረሻ አንድ መልካም ሰው ወደ ውስጥ በጣቱ እያመለከተ፣ እዚያ ሱቅ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ሽቶ እንደልብ እንደሚሸጥ አበሰረኝ። እውነቱን ነው፤ ሳልፍ አየሁት፤ እንደ ውሃ ተደርድሯል። የእናቴ ጠርሙስ ግን ወደ ቅርጫቱ ሲገባ ድምፁን ሰምቻለሁ።

፬ኛ. ሠርጉ። ይህ በቀጥታ የእርስዎን ክፍል ስለማይመለከት አጠር አደርገዋለሁ። ትንሿ ቬሎዋን ለብሳ፣ ብልቃጧን በእጇ ይዛ፣ በመስታወት ውስጥ እያየችኝ «አምጪው» አለችኝ። ለወትሮው ምላሴ ረጅም ነው፤ ያን ጊዜ ግን ከአንድ ቃል በላይ አልወጣኝም። ወስደውብኛል አልኳት። ብልቃጡን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችና ጉትቻዋን ማስተካከል ቀጠለች። ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ለእርስዎ ልንገርዎ፤ ከፈለጉ በመዝገብዎ ያስገቡት፦ የዚያን ቀን የራሴንም ድርሻ ልሰጣት ወስኜ ነበር። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ለማን ላስቀምጠው?

፭ኛ. ሁለተኛዋ እህቴ፣ ያቺ እጇ የሚንቀጠቀጠው፣ «ለወሰዱት ነገር ደረሰኝ ይሰጣሉ እኮ» አለች። ሌሎቹም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ስመለስ እሰጣችኋለሁ ብዬ በሙሉ ልብ ቃል ገባሁ፤ ያኔ መሥሪያ ቤትዎን አላውቀውም ነበር። ስመለስ አምስት ጊዜ ተመላልሼ፣ በሦስት መስኮት ተሰልፌ፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ስል ከርሜ፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተሰጠኝ። ቃል በቃል ልጥቀሰው፦ «የዕቃው ዓይነት፦ ሽቶ። ብዛት፦ አንድ። መጠን፦ 120 ሚሊ ሊትር። ሁኔታ፦ ተወግዷል።» እኔ ሞኟ ማኅተሙን ብቻ አይቼ ደስ ብሎኝ፣ ፎቶ አንስቼ በቤተሰቡ ግሩፕ ላይ ላክሁት።

አሥር ደቂቃ አልቆየም። ሁለተኛዋ መጠኑ ላይ ቀይ ክብ አድርጋ መልሳ ላከችው። የእኛ ሽቶ ከግማሽ በታች እንደነበር ማንም ያውቃል፤ እሷ ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች። እንግዲህ የተወሰደው መቶ ሃያ ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ ይህ ሙሉ፣ አዲስ፣ ሌላ ሽቶ ነው። የእኛስ የት ገባ? እትዬ፣ ብቸኝነት ሰውን የማያስደርገው ነገር የለም የሚል ነገር ጻፈች። ትንሿ ደግሞ አንዲት መሥመር ብቻ ጻፈችልኝ፦ «ቅናት ከሆነ፣ ብትነግሪኝ ይቅር እልሽ ነበር።» ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም።

ክቡር ሆይ፣ ይህችን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናታችን የሌሊት ተረኛ ስትሆን ፀጉሯን የሠራሁላት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሸኘኋት፣ ጥርሷ ሲነቀል እጄን የተነከስኩት እኔ ነኝ። በሠርጓ ቀን የእናቷን ሽቶ በቅናት ደበቀችብኝ ብላ እንድታምን ያደረገው አንድ የእርስዎ ሠራተኛ በአንድ ዓምድ ላይ የጻፈው ሦስት አኃዝ ነው። ተናድጃለሁ። በትሕትና የተጻፈ ደብዳቤ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልም እንጂ፣ አንጀቴ እርር ብሏል።

፮ኛ. ማረሚያ ጠየቅሁ። በመስኮቱ በኩል ያለችው ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጣትና፣ በቃሏ በደንብ አስረዳችኝ፦ «መጠን» በሚለው ቦታ የሚሞላው ጠርሙሱ የሚይዘው ነው፤ በውስጡ ያለው አይጻፍም። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝ። ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ አልኳት። ለግለሰብ ማብራሪያ አይጻፍም አለችኝ። ለክቡርነትዎ ጻፍኩ። በስድስተኛው ሳምንት በክቡርነትዎ ፊርማ የመጣልኝ መልስ እነሆ፦ «ጉዳዩ ተጣርቶ መዝገቡ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል።» ማመልከቴን ሁለተኛዋ እህቴ ሰምታ ኖሮ፣ መልሱ ምን እንደሚል ጠየቀችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ገና አልደረሰኝም አልኳት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ የዋሸሁት ውሸት ይህ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ያዋሹኝ እርስዎ ነዎት።

በበጎነትዎ የተደረጉልኝን ደግሞ ሳላመሰግን ማለፍ ነውር ነው። ስለ ማኅተሙ ጥራት አመሰግናለሁ፤ በእውነት ክብ ነው። በሦስቱ መስኮቶች ፊት የቆምኩባቸው ቀናት እግሬን ስላጠነከሩት አመሰግናለሁ። አውሮፕላኑን ካንዲት የጽዳት ሠራተኛ የሽቶ ጠርሙስ ስላዳናችሁ፣ በዚያ በረራ ላይ በነበሩት መንገደኞች ሁሉ ስም እጅ እነሳለሁ።

የምጠይቀው ሽቶውን አይደለም። ካሳም አይደለም። አንዲት መሥመር ጽሑፍ ነው፦ «የተመዘገበው ጠርሙሱ የሚይዘው እንጂ በውስጡ የነበረው አይደለም።» ዐሥር ቃል አትሞላም። ማኅተሙን ቢያሳርፉባት ቀለሙን እኔ ይዤ እመጣለሁ።

እግረ መንገዴን ይህን ጋዜጣ ጠዋት ጠዋት በስልኳ ለምታነብ ለአንዲት ሴት ጥቂት ቃል እንድጥል ይፍቀዱልኝ። ትንሿ፣ አልደበቅሁብሽም። ከነፎጣው ተሸክሜው ነበር። ይኸው ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የምነግርሽ፤ በጓዳ ብነግርሽ አላመንሽኝም።

በመጨረሻም፣ ክቡርነትዎ ይህን ሁሉ ለማንበብ ከውድ ጊዜዎ ስለሰጡኝ ሳይሰጡኝም ቢቀሩ እያመሰገንኩ፣ ዕድሜ፣ ሹመትና ብዙ ብዙ ዓምዶች ያሏቸው መዝገቦች እመኝልዎታለሁ።

ጎንበስ ብዬ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በመዝገብዎ ሙሉ ሽቶ ያላት፣
ከአራት እህትማማቾች ሦስተኛዋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚከተለውን በሦስቱም ደብዳቤዎቼ ሁለተኛ ገጽ ላይ ጽፌው ነበር፤ ሁለተኛ ገጽ እንደማታነቡ ስለገባኝ ለብቻው አወጣሁት። ጠርሙሱን የወሰደችው ፈታሽ ከመጣሏ በፊት ወደ መብራቱ አንስታ ተመለከተችው። ቀዩ መሥመር ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «ውይ፣ ግማሽ እንኳ የለውም እኮ» አለች፤ ፊቷም ጨለም አለ፤ ከዚያ ጣለችው። ልክ ከአናቷ በላይ ካሜራ አለ። ከካሜራው ሥር ደግሞ አንድ ሰሌዳ ሰቅላችኋል፤ እንደሚያውቁት ሰሌዳ አክባሪ ነኝና አንብቤዋለሁ፦ ምስሉ ዘጠና ቀን ተቀምጦ ይጠፋል ይላል። ይህ ደብዳቤ የወጣበት ዕለት ሰማንያ ሰባተኛው ቀን ነው።