ለስታግስ ክለብ ዋና ሐኪም፦ ስለ ልጄ ጭንቅላትና ስለ አንድ ፊርማ

ለተከበሩ ዶክተር ሃልቨርሰን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ራስዎን እንዳያምዎ፣ እጅዎ እንዳይንቀጠቀጥ፣ የልጆችዎ ስም እንዳይጠፋብዎ ዘወትር እመኛለሁ። እኔ ፀሐይነሽ እባላለሁ፤ ዲኬተር ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ኳሱን በእጅ ይዘው እግር ኳስ በሚሉት ጨዋታ ለክለብዎ ስድስት ዓመት የተጋጨው የሰርፀ እናት ነኝ። በአደባባይ መጻፌ በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ ነው፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ አላጣሁትም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ የልጄን የራስ ጉዳት መዝገብ ፈርመው ይላኩልኝ። አሁን የሚያክመው ሐኪም መዝገቡን ሳያይ የካናቢስ ዘይት መውሰጃ የፈቃድ ካርዱን አላድስም ብሎናል፤ ካርዱ የሚያበቃው በዚህ ወር መጨረሻ ነው። እስከዚያው ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ በሦስተኛው ዓመት ሜዳ ላይ እንደ ታረደ በግ ሲንፈራገጥ፣ ሮጠው ደርሰው ሁለት ጣት ስላሳዩት አመሰግናለሁ። «ስንት ነው?» ቢሉት «ማክሰኞ» ብሎ እንደመለሰ አጠገቡ የነበረ ጓደኛው ነግሮኛል። እርስዎም ስቀው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርገው ወደ ጨዋታው መልሰውታል። የክለቡ መግለጫ «ቀላል ራስ ምታት» አለ። ከጆሮው የፈሰሰውን ደም እኔ ነኝ ከትራሱ ላይ ያጠብኩት።

ሁለተኛ፦ ማስታገሻ ኪኒኑን እንደ ቆሎ ስለዘገኑለት አመሰግናለሁ። ኪኒኑን ትቶ የካናቢስ ቅጠሉን ሲሞክር ግን ሽንቱን መርምረው፣ «ሥነ ምግባር የጎደለው» ብለው አሰናበቱት።

ሦስተኛ፦ በዚህኛው እኛም ጥፋተኞች ነን። በር በቡጢ ሲበሳ፣ ጭንቅላቱን ከግድግዳ ሲያላትም ጋኔን ነው ብለን ጠበል ወሰድነው። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሩ ላይ ተጭነው «ስንት ሆናችሁ ገባችሁ?» ሲሉ፣ ሰርፀ «ሃምሳ አራት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ እልል አለ። የማሊያ ቁጥሩ ነበር። ሃምሳ አራቱም እስኪወጡ አራት ጎልማሶች ይዘው በመቋሚያ ደበደቡት፤ እሱም የሁለቱን አፍንጫ ሰበረ። የተመታ ራስ እንዲህ እንደገና ተመታ። ከእርስዎ የምንለየው ይቅርታ ስለጠየቅነው ብቻ ነው።

አራተኛ፦ ዘይቱን ሐኪም ካዘዘለት በኋላ ልጄ ሌሊቱን መተኛት ጀመረ። እኔ ግን የእርስዎን «ሥነ ምግባር» አምኜ «ሐሺሽ ቤቴ አይገባም» ብዬ ጠርሙሱን መጸዳጃ ውስጥ ደፋሁት። በአራተኛው ቀን አባቱ አሸብር «ቴሌቪዥኑን ቀነስ አድርገው» ቢለው በክርኑ መንጋጋውን ሰበረው። እኔን በፀጉሬ ይዞ ከፍሪጁ በር ጋር ሦስት ጊዜ አጋጨኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በእጁ የቀረ ፀጉሬን እያየ፣ «እማዬ፣ ማነው የመታሽ?» አለኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሙያዎ የሚፈቅድ ከሆነ ይምከሩኝ።

ዘይቱን መልሼ ገዛሁለት፤ አሁን ጠዋትና ማታ ከምላሱ ሥር ጥቂት ጠብታ ይወስዳል። አልዳነም፤ አንዳንዴ ስሜን ይስታል። ግን አይመታም። አሸብር ገንፎም ቢሆን ከልጁ ጋር አንድ ገበታ ላይ ይበላል፤ የደበቅኳቸውን ቢላዎችም ከመኪናው ሻንጣ አውጥቼ ወደ ወጥ ቤት መልሻለሁ። ይህ ሁሉ በእርስዎ ፊርማ ይቆማል ወይም ይፈርሳል።

የብዕርዎን ቀለም ያብዛልዎ፣ ለራስዎም የራስ ቁር አያሳጣዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በሁለት የጎደሉ ጥርሶች እጅ እነሳለሁ።

ፀሐይነሽ፣ ከስቶን ማውንቴን

ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ወር አጋማሽ ለሚደረገው የቀድሞ ተጫዋቾች የክብር ቀን ክለብዎ የላከው የጥሪ ካርድ በሰዓቱ ደርሶናል። የሰርፀ ወንበር ከእርስዎ ቀጥሎ መሆኑን አይተን ኮርተናል። መዝገቡ ካልተፈረመ፣ በዚያን ዕለት ዘይቱን ካቆመ ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። እኔና አባቱ አንመጣም፤ እኛ ተራችንን ጨርሰናል። እስከ በሩ ድረስ አሸብር ያደርሰዋል። ክብደቱን ሲመዝኑት ስለኖሩ አልነግርዎትም።