በበቆሎው ላይ የነሰነስነው ዱቄት

ሰኞ፣ ሁሩሙ
ላሞቹ ሳይሆኑ ሰዎቹ ናቸው እምቢ ያሉት። በክረምቱ መውጫ እርጥብ በቆሎ ከትፈን የቀበርንበትን ጉድጓድ ዛሬ ከፈትን። ገፈራው፣ ለበጋ ያኖርነው የከብት መኖ፣ አምሯል! ቢጫማ አረንጓዴ፣ ሽታው ኮምጠጥ ያለ፣ ሻጋታው ከዳር ብቻ። ከደስታዬ የተነሳ አፌን አዳለጠኝ፤ «የነሰነስንበት ዱቄት ባክቴሪያ ነው» ብዬ ለገበሬ ማኅበሩ አባላት ነገርኩ። የሊቀመንበሩ የጓድ ተሾመ ፊት ጠቆረ።
«ባክቴሪያማ በሽታ ነው። ከብቶቻችንን በሽታ ሊያበሉብን ነው ከመቱ ግብርና ቢሮ የመጡት?»
ወተቱን እርጎ የሚያደርገውም ባክቴሪያ ነው ብል ማን ሰምቶኝ።

ማክሰኞ
ከገፈራው የወሰደ የለም። ሣሩ አልቋል፣ ከብቱ ከስቷል፤ ጉድጓዱ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ አየር እያገኘው ይበላሻል። ከሰዓት እትዬ ጫልቱ ጆንያ ይዘው መጡ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በአንዲት ላም ወተት ነው።
«አይፈሩም?» አልኳቸው።
«ፈርቼ ምን ላብላት፣ ልጄ?»
ላሟ፣ ቦቃ፣ አሽትታ አሽትታ በላች። ለመጀመሪያ ቀን ትንሽ ብቻ ሰጠኋት።

ረቡዕ
ቦቃ ተነፋች። ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ጓድ ተሾመ ሰው ሁሉ እየሰማ «ይሄ አሻጥር ነው፤ ወደ መቱ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለ። አሻጥር! በዚህ ቃል የተወሰደ ሰው አውቃለሁ። አልተመለሰም።
የኑግ ዘይት አጠጣናት። እንድታገሳና አየሩ እንዲወጣላት እንጨት እንደ ልጓም አፏ ላይ አሰርን፣ ዳገቱ ላይ አቆምናት፣ ጎኗን አሸንላት። እትዬ ጫልቱ እኔኑ ያጽናናሉ፤ «ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ»። እፈራለሁ እንጂ! የእኔ ዱቄት ቢሆንስ? እነዚያ ልጆች ምን ሊጠጡ?

ሐሙስ
አገሳች! ደጋግማ አገሳች፣ ጎኗም ጎደለ። እትዬ ጫልቱ አንገቷን አቅፈው አለቀሱ። እኔም።
ረፋዱ ላይ ባለሱቁ ጋሽ ከድር ተቆጥተው መጡ። «የማናት ይቺ ቦቃ ላም? ማክሰኞ ሲመሽ አጥሬን ጥሳ ጎመኔን ፈጅታዋለች!» ለካ የነፋት ጎመኑ ነው! ሰው ሳቀ። ጓድ ተሾመ አልሳቀም። «ቢሆንም» ብሎ ሄደ። ያቺን «ቢሆንም»፣ «ሪፖርቱን እልካለሁ» ብዬ ተረጎምኳት።

ዓርብ
ቦቃ ዛሬም በላች፣ ታለበች፣ ደህና ናት። ጠዋት ሰዎች ጆንያ ይዘው ተሰለፉ፤ ጋሽ ከድር ሳይቀሩ ለፍየሎቻቸው ጠየቁ። በመጨረሻ ጓድ ተሾመ መጣ።
«ለጥጃም ይሆናል?»
«ለጨቅላ ጥጃ አይሆንም። ለላም ይሆናል።»
«እንግዲያው ለላሟ» አለና ጆንያውን ዘረጋ። ሞላሁለት። ሪፖርቱን ልኮት እንደሆነ አላውቅም። ነገ ወደ መቱ መኪና አለ። አለቃዬ የቦቃን ነገር ከሌላ ሰው ከሚሰማ እኔው ሄጄ ብነግረው ይሻላል።